ምዕራፍ 7፦ ከ«ስንት?» በፊት «በምን?»

በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአራተኛ ክፍል ልጆች በተሰጠ አገር አቀፍ ፈተና ውስጥ ሥዕል ያለው አንድ ጥያቄ ነበር። ሥዕሉ ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያና ከማስመሪያው ጎን የተጋደመች ስቴኪኒ ያሳያል። የስቴኪኒዋ አንድ ጫፍ 8 ቁጥር ላይ፣ ሌላው 10 ተኩል ላይ ያርፋል። ርዝመቷ ስንት ኢንች ነው? መልሱ ሁለት ተኩል ነው። ይህን ያገኙት ልጆች ግን ከአራት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብዙ ልጆች ጫፏ የደረሰበትን ቁጥር አንብበው «10 ተኩል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ 8፣ 9፣ 10 ብለው መስመሮቹን ይቆጥሩና «3 ተኩል» ይላሉ።

እነዚህ ልጆች ማስመሪያ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ አይደሉም። ዜሮውን ከዕቃው ጫፍ አጋጥሞ በሌላው ጫፍ ያለውን ቁጥር ማንበብ ተምረዋል፤ ማስመሪያው ደህና እስከሆነ ድረስም መልሳቸው ትክክል ይመጣል። ማስመሪያው ሲሰበር ነው ጉዱ የሚወጣው። ማስመሪያ ማለት ቆጠራው ተሠርቶ ያለቀበት ዕቃ ነው። አንድ ሰው እኩል እኩል የሆኑ ቁራጮችን ቀድሞ ደርድሮ፣ ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ጽፎበት አስረክቦናል። ልጁ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው።

በምዕራፍ 2 ስለ መቁጠር ስናወራ፣ አምስት ብርቱካን የቆጠረ ልጅ «አምስት» የሚለው ቃል የመጨረሻው ብርቱካን ስም ሳይሆን የሁሉም ብዛት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ እንደሚወስድበት አይተናል። መለካት ከዚያም አንድ እርምጃ ይከብዳል። ብርቱካኖቹ ለየብቻ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባል ነገር የለም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። ልንቆጥረው ከፈለግን የምንቆጥረውን ቁራጭ ራሳችን መምረጥ አለብን። ይህ የመረጥነው ቁራጭ በትምህርት ቤት ቋንቋ «አሃድ» ይባላል። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ በእሱ ዙሪያ ነው። «ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚኖረው «በምን ተለክቶ?» የሚለው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ልጆቻችንን የምናስተምረው ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው።

ቆርኪ በጠረጴዛ ላይ

ማስመሪያውን ለጊዜው አስቀምጡትና አንድ እፍኝ ቆርኪ ሰብስቡ። ልጁ የጠረጴዛውን ርዝመት በቆርኪ እንዲለካ ጠይቁት፤ ከመጀመሩ በፊት ግን «ስንት ቆርኪ ይመስልሃል?» በሉት። ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ ግድ የለም። የገመተ ልጅ ውጤቱን ለማወቅ ይጓጓል፣ ያልገመተው የታዘዘውን ብቻ ይሠራል።

ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ስድስት ዓመት ገደማ ያለ ልጅ አንዱን ቆርኪ እዚህ፣ ሌላውን ጣት በሚያህል ርቀት ላይ አድርጎ ሊደረድር ይችላል። ወይም መስመሩ ይጣመምበታል። ወይም ከጠረጴዛው ዳር ሳይሆን ትንሽ ገባ ብሎ ይጀምራል። ቆርኪው ሲያልቅበት የሃይላንድ ክዳን ጨምሮ ይቀጥልና ሁሉንም በአንድነት ቆጥሮ «ሃያ ሦስት!» ይላል። ስህተቱን አትንገሩት። ራሳችሁ ክፍተት ሳትተዉ ደርድሩና «እኔ ደግሞ ሃያ ስምንት አገኘሁ፤ ጠረጴዛው አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ተለያየን?» በሉት። አብዛኞቹ ልጆች ክፍተቱን ራሳቸው ያገኙታል። ክዳኑና ቆርኪው እኩል እንዳልሆኑ ለማየት ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል። ከቆርኪዎቹ አምስቱን ብቻ ተዉለትና ያንኑ ጠረጴዛ እንዲለካ ጠይቁት። አሁን ደርድሮ መጨረስ አይችልም፤ የኋላውን እያነሣ ወደ ፊት ማምጣት፣ የት እንደደረሰም መያዝ አለበት። አንዳንዱ ልጅ «አይበቃም፣ አይቻልም» ብሎ ይተወዋል። እዚህ ላይ ማንም ወላጅ ባይቸኩል ደስ ይለኛል። አንዱን ቁራጭ እያነሡ መልሶ መጠቀም እንደሚቻል የገባው ልጅ፣ የማስመሪያው መስመሮች ምንን እንደሚተኩ ሊገባው የቀረው ጥቂት ነው። ሳምንት ቢፈጅ ይፍጅ።

ይህ ሲሳካለት ቆርኪውን በደብተር ለውጡት። ያው ጠረጴዛ በቆርኪ ሃያ ስምንት ነበር፤ በደብተር አራት ተኩል ያህል ሆነ። ጠረጴዛው አጠረ ወይ? ጥያቄው ለትልቅ ሰው ያስቃል፣ ለልጅ ግን የምር ጥያቄ ነው። ሊያስበው ይገባል።

አሁን ማስመሪያውን መስጠት ይቻላል፤ ቢሻል ግን ልጁ ራሱ ይሥራው። ረዘም ያለ የካርቶን ቁራጭ ቆርጣችሁ ስጡትና ቆርኪውን ከካርቶኑ ጫፍ ጀምሮ እያስቀመጠ ባለቀበት ቦታ ሁሉ መስመር ያስምር። ቁጥሩን የት ይጽፋል? ብዙዎቹ 1ን ካርቶኑ ጫፍ ላይ ይጽፋሉ። «አንድ ቆርኪ የሞላው የት ላይ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ቁጥሩ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይሄዳል፣ ጫፉም ዜሮ ይሆናል። የራሱን ማስመሪያ የሠራ ልጅ የተሰበረው ማስመሪያ ብዙም አያሳስተውም፤ የሚቆጠረው በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ እንደሆነ በእጁ አውቆታል።

የማን ክንድ?

አያቶች በቤት ካሉ ከእነሱ የተሻለ መምህር አይገኝም። ስንዝር፣ ክንድ፣ እርምጃ፤ ለእህል ቁናና ጣሳ። ልጁ አንድ ገመድ በራሱ ክንድ ይለካ፣ ከዚያ ያንኑ ገመድ አያቱ በክንዳቸው ይለኩ። «አባባ፣ የእርስዎ ስድስት ሆነ፤ የእኔ ዘጠኝ!» የሚልበት ሰዓት ይመጣል። ታዲያ ከጨርቅ ሻጭ አሥር ክንድ ስንገዛ በማን ክንድ ብንገዛ ያዋጣናል? ለዚህ ጥያቄ ልጆች የሚሰጡት መልስ እንደ ነጋዴና እንደ ዳኛ ነው። አንዱ ረጅም ሰው ይዤ እሄዳለሁ ይላል፣ ሌላዋ አንድ ክንድ ተመርጦ በእንጨት ላይ ይቀረጽና ሁሉም በእሱ ይለካ ትላለች።

የልጅቷን ሐሳብ የፈረንሳይ ምሁራን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እስከ ዳር ገፍተውታል። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ መለኪያ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፤ ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ የሚለያይም ሞልቶ ነበር። ምሁራኑ የንጉሥ ክንድም ሆነ የነጋዴ ክንድ አልፈለጉም። የፈለጉት የማንም ያልሆነ ነገር ስለነበር መሬትን ራሷን መረጡ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ሲካፈል አንዱ ቁራጭ ሜትር ይባል አሉ።

ይህን ለማወቅ የሆነ ሰው ሄዶ መለካት ነበረበት። በ1792 እ.ኤ.አ. ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሥራውን ተከፋፍለው ወጡ፤ አንዱ በሰሜን ከደንከርክ፣ ሌላው በደቡብ ከባርሴሎና በኩል። አብዮትና ጦርነት በመካከል ስለገባ ሥራው ዓመታት ፈጀ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መስመር ለክተው ቀሪውን በስሌት አገኙት፤ በ1799 ከፕላቲነም የተሠራ የሜትር ዘንግ ፓሪስ ውስጥ ተቀመጠ። በኋላ ሲጣራ ያ ዘንግ ከታሰበለት በአንድ አምስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ ተገኘ፤ ዋናው ምክንያት መሬት ዋልታዎቿ ላይ ምን ያህል ጠፍጠፍ እንዳለች በትክክል አለመታወቁ ነበር። ሜትሩ ግን አልተስተካከለም። ሁሉም የተስማማበት ስለሆነ ሥራውን ይሠራል። ዛሬ ሜትር የሚተረጎመው ብርሃን በአንድ ሰከንድ 299,792,458 ሜትር በመጓዙ ስለሆነ ዘንጉ የሙዚየም ዕቃ ሆኗል።

ለልጆች ይህን ታሪክ ስትነግሩ እኛን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ጨምሩበት። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ደቡብ እስከ ምድር ወገብ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ለአሥር ሚሊዮን የከፈሉት መስመር አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ሌላው የሩጫ ነገር ነው። ሜሼን በ1792 ማብቂያ ላይ ከዋክብትን እያየ የለካው ባርሴሎና ውስጥ ሞንትዡይክ ከሚባል ኮረብታ ላይ ሆኖ ነበር። ልክ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ.፣ ደራርቱ ቱሉ በዚያው ኮረብታ ላይ ባለው የኦሎምፒክ ስታዲየም 10,000 ሜትር ሮጣ ወርቅ አገኘች። 10,000 ሜትር ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አንድ ሺህኛ ነው።

ብር ሲዘረዘር

አንድ ልጅ መቶ ብር ይዞ ሱቅ ይሂድና ይዘርዝረው። በአንድ ወረቀት ምትክ አሥር ባለ አሥር ብር ይዞ ይመለሳል። ኪሱ አበጠ፣ ሀብቱ ግን ያው ነው። ባለ አምስት ብር ቢሰጡት ደግሞ ወረቀቱ ሃያ ይሆን ነበር። ቁራጩ ባነሰ መጠን ብዛቱ ይጨምራል። ልጆች ገንዘብ ላይ ይህን የሚስቱት እምብዛም ነው፤ ብር የሚዘረዝር ልጅ ያነሰ ቢሰጡት ወዲያው ያውቃል። ያው ልጅ ደብተሩ ላይ «3 ሜትር ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ሲባል ግን «በመቶ ይባዛል ወይስ ይካፈላል?» ብሎ ይጨነቃል። መልሱ ሕግ በማስታወስ አይመጣም። ሜትሩ ይዘርዘር በሉት። ሳንቲ ሜትር ከሜትር ያነሰ ቁራጭ ስለሆነ ብዛቱ መጨመር አለበት፤ አንዱ ሜትር መቶ ሆኖ ከተመነዘረ ሦስቱ ሦስት መቶ ይሆናሉ። 250 ሳንቲ ሜትር ወደ ሜትር ሲሄድ ዝርዝሩን ሰብስቦ ወደ ትልቁ ወረቀት መመለስ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያንሳል።

የሜትር ቤተሰብ ልጆችን የማያስቸግረው በምዕራፍ 4 ካየነው የቦታ ዋጋ ጋር አንድ ዓይነት አካሄድ ስላለው ነው። እኛ የምንቆጥረው በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህ ነው፤ ሜትሩም የሚሰበሰበውና የሚዘረዘረው በእነዚሁ ነው። ኪሎ ሺህ ነው፣ ሳንቲ መቶኛ፣ ሚሊ ሺህኛ። እነዚህ ሦስቱ ለቤትም፣ ለገበያም፣ ለመንገድም ይበቃሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሄክቶ ሜትርንና ዴካ ሜትርን ጨምረው ሰባቱን ደረጃ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እንዲወጡ ያደርጋል። እኔ አልደግፈውም። መንገድ ጠይቄ በሄክቶ ሜትር የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም። በቃል የተያዘው መሰላል ልጁ አንድ ደረጃ ሲዘል ከነሥሩ ይወድቃል።

ትኩረት የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር በሜትር ሲጻፍ ብዙ ልጆች 1.5 ይላሉ። 1.5 ግን አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሁለቱን ወለሉ ላይ በኖራ ወይም በጠመኔ ያስምሩና ልዩነቱን ይዩ፤ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንድ ክንድ ያህል። ትክክለኛው 1.05 ነው፤ ባዶው ቦታ ዜሮ የሚፈልግበት ምክንያት በምዕራፍ 4 ከተናገርነው አይለይም።

ሩጫ የሚወድ ልጅ ካላችሁ አሃድን ለመለዋወጥ ከሩጫ ሜዳ የተሻለ ደብተር የለም። የመሮጫው አንድ ዙር 400 ሜትር ነው። አሥር ሺው ሜትር ስንት ዙር ይሆናል? ሃያ አምስት። በኪሎ ሜትርስ? አሥር። ያንኑ ሩጫ 10,000፣ 25 ወይም 10 ብለን ልንጠራው እንችላለን፤ የሮጠችው አትሌት ድካም አንድ ነው። ቴሌቪዥኑ የቀሩትን ዙሮች ሲያሳይ ልጁ ወደ ሜትር ይመንዝራቸው። ማራቶኑም እንዲሁ ነው፤ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው።

ሣጥኑ፣ ውኃውና ሚዛኑ

ርዝመት፣ ይዘትና ክብደት በመማሪያ መጻሕፍት ሦስት የማይተዋወቁ ትምህርቶች መስለው ይቀርባሉ። አንድ ካርቶን ሦስቱን ያገናኛቸዋል። በሁሉም በኩል 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ሥሩና ውስጡን በላስቲክ አልብሱት፤ ከዚያ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ገልብጡበት። ውኃው ሣጥኑን ሞልቶ ያልቃል። ሚዛን ካገኛችሁ ያ ውኃ ብቻውን አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ የሜትርን ሥርዓት የዘረጉት ሰዎች ሆን ብለው ሊትሩን ከሳንቲ ሜትር፣ ኪሎውን ደግሞ ከአንድ ሊትር ውኃ ነው የወለዱት። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙሉ ውኃ የተሸከመች ልጅ 20 ኪሎ ነው የተሸከመችው፣ የጀሪካኑን ክብደት ሳይጨምር። ይህን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልጋትም።

ነገሩ ለውኃ ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ሊትር ዘይት ከአንድ ኪሎ ያንሳል፣ 920 ግራም ያህል ነው። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ የተፈጨ በርበሬ ሚዛን ላይ ቢወጡ እኩል አይሆኑም። ጣሳ የሚለካው የሚይዘውን ቦታ ነው፣ ሚዛን ደግሞ ክብደቱን። ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል፤ መምህሩ «ይዘት» እና «ክብደት» እያለ ሲያስረዳ ግን የሚያውቀውን ነገር እየነገሩት እንደሆነ አይገባውም። ስለዚህ ከጣሳው ጀምሩ።

«ካሬ» ትላልቅ ሰዎችንም ያሳስታል። የ200 ካሬ ቦታ ስንል 200 አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ምንጣፎች የሚነጠፉበት ማለታችን ነው። ጋዜጣ አጣብቃችሁ አንዱን ምንጣፍ ሥሩና ልጁ ክፍሉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነጠፍ ይቁጠር። ከዚያ «በዚህ ጋዜጣ ላይ በሁሉም በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ስንት ይገባል?» በሉት። «መቶ» ይላል፤ ብዙ ወላጅም እንደዚያ ይላል። መቶ የሚገባው በአንዱ ረድፍ ላይ ብቻ ነው፣ ረድፉም መቶ ነው፤ ድምሩ 10,000 ነው።

በመጨረሻ፣ ልጁ ማስመሪያ በሌለበትም የሚጠቀምባቸው ጥቂት ልኮች በዓይኑ ይያዙ። የA4 ፎቶ ኮፒ ወረቀት ረጅሙ ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ሦስት ሚሊ ሜትር ይቀረዋል። የእንጀራ ምጣድ ስፋት ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የበር ቁመት ሁለት ሜትር ገደማ። የራሱ ስንዝርና እርምጃ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ በየዓመቱ ይለካ፤ ልጁ ስለሚያድግ የአምናው ልክ ያረጃል። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ለምታሳድጉ ደግሞ ይህ በእጥፍ ያስፈልጋል። ልጃችሁ በትምህርት ቤት ኢንችና ፓውንድ ይማራል፣ አያቱ በስልክ ስለ ኪሎና ሜትር ያወራሉ። ኢንችን በ2.54 እያባዛ ወደ ሳንቲ ሜትር እንዲቀይር አታስጨንቁት። ለሁለቱም ወገን በዓይኑ የሚያየው ነገር ይኑረው፤ ያው የA4 ወረቀት አንድ ጫማ ሊሞላ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይቀረውም፣ ሊትር ውኃውም ከሁለት ፓውንድ ትንሽ ይበልጣል።

አሥር በአሥር መከፋፈል ያልሠራበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም ሰዓት ነው። ፈረንሳዮች በ1793 እ.ኤ.አ. ቀንና ሌሊቱን በአሥር ሰዓት፣ ሰዓቱን በመቶ ደቂቃ ከፍለው ነበር፤ ሰው ግን አልተቀበለውም። ሜትር፣ ሊትርና ግራም የሚሉትን ስሞች ያወጀው የ1795 ሕግ ራሱ አሥር ሰዓቱን አገደው። አንድ ሰዓት ተኩል 1.5 ሆኖ፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ግን 1.50 የማይሆነው ለዚህ ነው፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ እሱ ነው።